ያየ አይጽፍም

ቫልዲቪያ ዝናብ ናት፤ ሰማይዋ አይጠገን፤
ቆርቆሮው ይንኳኳል ሌሊትም ሆነ ቀን።
ለዶን ኤሉቴሪዮ ግን፣ ጀልባ ሲቀዝፉ ላረጁት፣
ጣራው ዲዳ ነው፤ ዝናቡን በዓይን ነው የሚያዩት።

የጆሯቸው መሣሪያ፣ ባቄላ የሚያህለው፣
ጩኸት ያጎላል እንጂ ቃሉን ነው የሚውጠው።
የሠራው ኩባንያ «ሞዴሉ አርጅቷል፤
አዲስ ይግዙ» ብሎ መስመሩን ዘግቷል።

እኔ ኔሪዳ ነኝ። ለዓሣ ገበያው ቀን ቀን
ሚዛንና ደረሰኝ የሚያስማማውን ፕሮግራም እጠብቃለሁ፤
ማታ ማታ ደግሞ ኮድ እየጻፍኩ አድራለሁ።
ለማንም ነው፣ ያለ ዋጋ፤ ምንጩን አልከድንም፤
የጠማው ይቀዳል፣ ማን ነህ አልለውም።

የቺፑን ቋንቋ ፍለጋ ከኩባንያው ደጅ ሄድኩ።
አርባ ሦስት ገጽ ውል ነበር፤ አላነበብኩ።
(ማን ያነባል? እናንተስ አንብባችኋል?)
ከታች አንዲት ቁልፍ፤ «እስማማለሁ» ይላል።
ቁልፍ ይከፍታል ብዬ በጣቴ ነካሁት፤
ቁልፍ ይቆልፍም ኖሯል፤ ዘግይቼ ሰማሁት።

ሦስት ሳምንት ቆፈርኩ።
ነገሩ ሁሉ አንድ መስመር ነበር፤
አንዲት ቁጥር፣ ያለ ቦታዋ የተሰነቀረች።
እሷን አረምኩና ለቀቅሁት። አሥራ አንድ ሰው ወሰደው።
ከኦሶርኖ አንዲት መምህርት ጻፈችልኝ፦
«ልጄ ዛሬ ስሟን ስጠራት ዞረች።»
በማግስቱ የኩባንያው ደብዳቤ መጣ።

«ፈቃድ» ነው ርእሱ። ውስጡን ብበረብር
«አይፈቀድም» እንጂ ሌላ ቃል አልነበር፦
መፍታት አይፈቀድም፣ ማካፈል፣ መናገር፣
ያየሽውን መጻፍ፣ የጻፍሽውን ማኖር።

ጠበቃ ጠየቅሁ፤
የአንድ ሰዓቱ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው።
አጠፋሁት።
እጄ ያጠፋውን ግን ራሴ አልረሳም።
ቁጥሯ አሁንም እዚህ ናት፣ ከግንባሬ ኋላ፣
የሌላ ሰው ንብረት፣
ኪራይ ሳትከፍል አንገቴ ላይ የምትኖር።

ኦስቫልዶ ደወለ፣ ከፑንታ አሬናስ፣ ከነፋሱ አገር፦
«እኔ ምንም አላየሁም፤ ምንም አልፈረምኩም።
ያየ አይጽፍም፤ የሚጽፍም አያይ፤
ከዜሮ ልጀምር፤ አንቺ ግን ዝም በይ።»
ሽማግሌውም ሰሙና «በገዛ ጆሮዬ ማን ያዝዛል?» አሉ፤
እሳቸው አንዲትም ቁልፍ አልነኩም በዕድሜያቸው ሁሉ።

እሱ በየምሽቱ ድምፅ ይልካል፤
እሳቸው በድሮው የማዕበል መዝገባቸው ላይ
«ደረሰኝ»፣ «አልደረሰኝም» እያሉ ይጽፋሉ።
ሰባት ወር።
አንድ መስመር የምታህል ነገር፣
ሰባት ወር።

እንደ ድብብቆሽ ልጅ «ኩኩሉ» ይለኛል፤
«ነጋ» እንዳልለው ውሉ አፌን ይዞኛል።
አንድ ቀን በቁጥሯ አጠገብ አለፈ፤ ለጥቂት ሳታት።
ሳል መጣብኝ። ሳሌም ፍንጭ እንዳይሆን ፈርቼ
ስልኩን ዘጋሁና ወደ ወንዙ ወጣሁ።
የባሕር አንበሶቹ ከዓሣ ነጋዴዎቹ ጀርባ
እንደ አበዳሪ ተደርድረው ይጮሃሉ።
እነሱስ ይጮሃሉ።

ትናንት ማታ ዶን ኤሉቴሪዮ ቤት ዓሣ እጠብስ ነበር።
ኦስቫልዶ የላከው አዲሱ ሙከራ ጆሯቸው ውስጥ ነው።
ዘይቱ ተንጫጫ።
ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤
ዓይናቸው ወደ ጣራው ሄደ።
«ዘነበ!» አሉ። «ሰማሽ? ዘነበ እኮ!»

ውጭው ጥርት ብሏል፤ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ።
ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤
ግን ሰባት ወር ዝም ማለት ያስለምዳል።
ዓሣውን ገለበጥኩት።
ይበልጥ ዘነበ።