ስም በሰም

ዓርብ ዓርብ በጠዋት ቁልፉን ተቀብዬ፣
ባልዲና መወልወያ ጨርቄን አንጠልጥዬ፣
ከኖቫ ስኮሺያ ጫፍ፣ ከሸልበርን ወደብ፣
ጭጋጉን ከነጠብጣቡ ይዤ በትከሻዬ፣
እገባለሁ ከቅድስት ሂልዳ፣
የሙታን ማረፊያ፣ የሕያዋን ጓዳ።

ወለሉ ሰው ነው።
ከበሩ እስከ መቅደሱ ድንጋይ ተነጥፎ፣
በድንጋዩ ላይ ስም፣ በስሙ ላይ ዓመት ተጽፎ፣
እግር የበላው ዳኛ፣ አግዳሚ የተጫነው ነጋዴ፤
መጥረጊያዬ ሲነካቸው «ይቅርታ» እላለሁ በሆዴ።
ከጥምቀቱ ገንዳ ሥር አራት ልጆች፣
አንድ ድንጋይ፣ አንድ የካቲት፤
ጠራቢው ለሦስት ነበር የለካው፣
አራተኛዋ መጣችበት በመጨረሻው ሌሊት፤
ስሟ ጠርዙ ላይ ተጣቦ ተቀምጧል፣
ወንበር ያጣች እንግዳ ይመስላል።

በሰሜኑ ግድግዳ
ካፒቴን ጄቤዝ ሎክሃርት፣ በእብነ በረድ ኮርቶ፣
የሚያለቅስለት መልአክ በገንዘቡ ገዝቶ፣
አሥራ ሰባት መስመር ምግባሩን አብዝቶ፣
«ለሎሌው አባት» ይላል፣ የሎሌውን ስም ትቶ።
አስከሬኑ እንኳ የለም፣ ባሕር ነው የወሰደው፤
ይህን ግድግዳ ያጎበጠው
ውዳሴው ነው፣ የከበደው።

ከመልሕቁ በታች
መዳፍ የምታህል አንዲት የናስ ገበታ፣
በአራት ምስማር ተመትታ፤
ምንም አልተጻፈባትም።
ባያት የማየው ፊቴን ነው፣
ያይኔን ሽፋል፣ የሻሼን ቀለም፤
ከናሷ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«ይቺስ የማን ናት?» አልኳቸው ሚስስ ኮርከምን፣
የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ባንገታቸው ያሰሩ፣
ከደወሉ ገመድ ጋራ ያረጁ፣ የከረሩ።
ዝም አሉ መጀመሪያ። ጓንታቸውን አወለቁ።
ቀጥሎ፣ ሳል በሚመስል ድምፅ ሳቁ።
«እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አሉ።

«እናቴ በሆምጣጤና በጨው፣
እኔ በቆርቆሮ ቅባት፣ አንድ ዓርብ ሳላፈርሰው፣
ሃምሳ አንድ ዓመት ፈተግኋት፤
እንድታበራ ብዬ፣ ስለምወዳት።
መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ ሄደ፣
ቀጥሎ ያባቷ ስም፤
አንድ ዓርብ ጨርቄን ባነሳው፣ ወርቅ መስላለች፣
አንድም ፊደል የላትም።»

ከመሳቢያው፣ ካሮጌ የመዝሙር ደብተሮች ሥር፣
ጥቅል ወረቀት አወጡ፣ የታሰረ በሹራብ ክር።
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እናትን መጠበቅ ሰልችቷቸው፣
ወረቀት ናሷ ላይ ጥለው፣ ጥቁር ሰም ይዘው በጃቸው፣
ሲያሹት፣ ሲያሹት፣ ፊደሉ ነጥቶ ወጣላቸው፦

ታቢታ ኒከርሰን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።
የደሴቱ መብራት ጠባቂ ነበር አባቷ።
እሱ ሞቶ ከታች ክፍል፣ ማዕበል ጀልባ ከልክሎ፣
አሥራ አንድ ሌሊት አበራች፣ ክንዷ በዘይት ተቃጥሎ።
በዚያ ብርሃን ያለፉ መርከበኞች፣
ሳንቲም በባርኔጣ አዋጥተው፣
በጸደይ ንዳድ ሲወስዳት ይቺን ናስ እዚህ መትተው
ሄዱ።
የራሳቸውን ስም አልጻፉም።

እኔ ባደግሁበት ቋንቋ ሰሙ ይቀልጥና ወርቁ ይወጣል፤
እዚህ ወርቁን ስናወጣ፣ ስናወጣ፣ ሰሙ ብቻ ቀርቷል።
ይህን ለሚስስ ኮርከም ላስረዳ ሞክሬ፣
«ሰም» እና «ስም» እያልኩ ባንድ ፊደል ታስሬ
ተውኩት።
ለሳቸው ጆሮ ሁለቱም አንድ ድምፅ ናቸው።

«ከእንግዲህ አትንኪያት» አሉኝ፤ «ትጥቆር፣ ትልበስ አቧራ።»
የቅባቱን ቆርቆሮ ወሰዱት፣ ከቦርሳቸው ጋራ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ብቻዬን ነኝ። ማሞቂያው ገና አልሠራም።
የካፒቴኑን መልአክ አፍንጫ ጠረግሁ፣ ብዙም አልደከምኩም።
ከናሷ ፊት ግን ጎንበስ አልኩ፣
እጄን ወደ ኋላ ይዤ፣
እፍ አልኩባት።
ጉም ሸፈናት። ከጉሙ ውስጥ፣ ስስ፣ ዘመም ያለ፣
አንድ ቋሚ፣
በላዩ አንድ አግዳሚ፤
ትንፋሼ እስኪደርቅ ቆየ።

ደግሜ እፍ አልኩ።