ግማሹ ለድስት፣ ግማሹ ለፊት

ዝናቡ የኩታይሲን ጣሪያ ሳምንት ሙሉ መታ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ መብራት የለም ማታ።
እናቴ ናዚብሮላ ትሮሊባስ ነጂ ነበረች፤
ኃይሉ ሲቋረጥባት መሐል መንገድ አቁማው በእግሯ መጣች።
ደመወዝ ከቀረ ሦስት ወሩ። ጓዳ ገብታ ሻማ ለኮሰች፣
መደርደሪያውን እንደ ሰልፈኛ ቆጠረች፦

ቀይ ቦሎቄ አንድ ጣሳ፤ የበቆሎ ዱቄት እፍኝ ተኩል፤
ዋልነት በካልሲ ውስጥ፣ ለአይጥ እንዳይመች የተንጠለጠለ ከላይ በኩል፤
ድንብላል፤ ኮምጣጤ፤ ያቆጠቆጠ ሽንኩርት ሁለት፤
ጺያላ ከታች ፎቅ በብርጭቆ ያዋሰችን እርጎ፤
ማር፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁት።

«ይኸ ምን ይቸግራል!» አለች፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፤
ከጠዋት የዘፈዘፈችውን ቦሎቄ በላምባ ምድጃ አብስላ፣
ሲለሰልስ ግማሹን ትታ፣ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጣ፣
ሽንኩርቱን በጭላጭ ዘይት አገላብጣ፣
ዋልነቱን በጠርሙስ ዳምጣ ከድንብላሉ ጋር ጨመረችው፤
ኮምጣጤ አንድ ማንኪያ። ሌላ ማንኪያ። ቀመሰች፤
«አሁን ሰው ሆንክ» አለችው።
የቂጣው ሊጥ ለብ ያለ ውሃ ብቻ፤ እርሾ የለ፣ እንቁላል የለ፤
በመዳፏ ስትጠፈጥፈው የእጇ መስመር ቂጣው ላይ እንደ ካርታ ተሳለ።

ግን ሁሉን አልጨረሰችም። ሕግ ነበራት፦
«ግማሹ ለድስት፣ ግማሹ ለፊት።
ሆድ ብቻ የሚጠግብበት ቤት፣
ስሙ በረት እንጂ አይደለም ቤት።»

ከቋቱ ጥግ የተጠረገ ዱቄት፣ ከብርጭቆው ከንፈር የተላሰ እርጎ፣
የማር ጠብታ፣ ከስንት ልመና በኋላ የወደቀ፣
በሻይ ሳህን ተማሰለ። ፊቷን ቀባች፣ አንገቷን ቀባች፣
የእኔም አፍንጫ ላይ ጠብ አደረገች።
ጣቷ ላይ የቀረውን ዘይት መሪ ባሻከረው መዳፏ አሸች፤
የዋልነት ልጣጭ የተቀቀለበትን ጥቁር ውሃ ጸጉሯ ላይ አፈሰሰች፣
ሽበቷን «እስከ ፋሲካ ብቻ ተደበቅልኝ» እያለች።

በሩ ተንኳኳ።

ቫርላም ነው፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ዣንጥላው የተሰበረ፣
መብራት በሌለበት ከተማ መብራት ሊቆጥር የተቀጠረ።
ባትሪውን ፊቷ ላይ ሲያበራ፣ ነጭ፣ የደረቀ፣ ዓይኗ ብቻ የደመቀ፣
አማተበ ሰውየው፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ለቀቀ።
እናቴ መሳቅ አትችል፤ ከሳቀች ጭምብሉ ይሰነጠቃል፤
ስለዚህ በከንፈሯ ጫፍ፦ «ዕዳዬ ስንት ነው? ግባ፣ ይበርድሃል።»

ቆጣሪውን አየ። ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም።
«ዜሮ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ የሚጻፍ የለም።
የቦሎቄው ሽታ ግን ያዘው፤ መሄድ አልሆነለት፤
የባርኔጣውን ዝናብ አራግፎ ተቀመጠ። ሦስተኛ ሳህን ወጣለት።
ቂጣውን አጥቅሶ ብዙ በላ፤ ኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የሚስቴ እጅ ተሰነጠቀ፣ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ፤
ምን ይሻላታል፣ ማር ወይስ እርጎ?»

ያኔ ሳቀች እናቴ። አልቻለችም።
ጭምብሉ ከግንባሯ እስከ አገጯ ተሰነጠቀ፤
ቁራጩ ሳህኗ ውስጥ ወደቀ።
በላችው።
«ዱቄት ነው፣ ማር ነው፣ ምን አለበት?»
የተረፈውን በትንሽ ጣሳ ከታ ሰጠችው፤ ከዋልነቱም ዘገነችለት፦
«ማታ ትቀባና የድሮ ካልሲ ታጥልቅበት።
ዋልነቱን ብሉት። እሱን እንኳ አትቀቡት።»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ድንገት ቦግ አለ፣
የሕንፃው መስኮት ሁሉ እንደ ባቡር ተቀጣጠለ።
ሌላ ቀን ቢሆን «አጥፊው፣ ቆጣሪው ይሮጣል» ነበር የምትለኝ።
ያን ሌሊት ዝም አለች፤ እንቅልፍ የወሰደኝ መስያት አላየችኝ።
ጆሮዋ በዋልነት ጠቁሮ፣ ትራሷም እንደዚያው፣
መስታወቱ ፊት ቆማ ጉንጯን በጣቷ ጫፍ ጫን አደረገችው፣
ቂጣ በስሎ እንደሆን
እንደምትሞክረው።