ስስ አየር

ከቁራሌው ጆንያ፣ ከዝገት ከሽቦ፣
ጋሽ እብሬ አወጣት በሁለት ጣት ስቦ።
ሰሃን ታክላለች፤ ዙሪያዋን ቅጠል ናት፤
የቦርከና ጭቃ ጎድን ጎድኗን ሞልቷት።
ቁራሌው "የድስት ክዳን ናት" ብሎ ማለ፤
"የውሃ ፓምፕ" አልኩኝ እኔም፤ እሱ ዝም አለ።
ቤንዚን በነካ ጨርቅ አሽቶ አሽቶ አጠራት፤
ወደ ብርሃን ይዞ፣ "ሳንባ ናት" አለኝ፣ "የአውሮፕላን ሳንባ ናት።"

"ሞተር በቤንዚን ብቻ አይኖርም፤ አየር ይጠጣል።
እዚህ ኮምቦልቻ፣ ሜዳው ላይ፣ ጠጥቶ ይጠግባል።
ሽቅብ ሲወጣ ግን አየሩ ይሳሳል፤
ቤንዚኑ ሳይጎድል እሳቱ ያንሳል።
አብራሪው ይጎትታል፣ ይለምናል፣ ይረግማል፤
አውሮፕላኑ እንደ ለገመች በቅሎ
አፍንጫውን ያነሣል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ያኔ ነው አንዱ ቁጭ ብሎ ያሰበ፦
አየሩ ከሳሳ፣ ለምን አይሰበሰብም?
ለምን እንደ ጭድ በእግር ተረግጦ አይታጨቅም?
ይህችን ከዘንጉ ጋር በማርሽ አጋባት።
ዘንጉ አንዴ ሲዞር እሷ አሥሬ ትዞራለች፤
ከሰማይ ቃርሚያ ትለቅማለች፣
ጠቅጥቃ፣ ጠቅጥቃ፣ ለሲሊንደሩ ታጎርሰዋለች።

በነፃ እንዳይመስልህ!
የምትዞረው በራሱ በሞተሩ ጉልበት ነው፤
ቆንጥሮ ያበድራታል፣ በወለድ ትከፍለዋለች።
ስስት ከያዛት ግን ታቃጥለዋለች፤
የታመቀ አየር ይግላል፣
የጋለ ሞተር ደረቱን ያንኳኳል።"

ይህን ብሎ ሳለ፣ ረጅም ሳል ሳለ።

አርባ ዓመት የፍሬን ሸራ አቧራ የማገ ሰው ነው።
ደሴ ተወልዶ፣ ደሴ አግብቶ፣ ደሴ ከፈነገለው
ስድስት ዓመቱ። "ውረድ" አለው ሐኪሙ፣ ወረደ፤
ቤቱን፣ ጦሳን፣ የጠዋቱን ጉም ትቶ ወረደ።
አሁን ግን ረውዳ፣ ልጁ፣ ሆጤ ላይ ወለደች።

በይማም አይሱዙ ሐረጎን ወጣን።
እሷ ጭኑ ላይ ናት፣ በሲሚንቶ ወረቀት ተጠቅልላ።
አንደኛው ጥምዝ ላይ ቀልድ አወራ።
አራተኛው ላይ መስኮት አስከፈተ።
ከዚያ በኋላ ጥምዙን ትቼ ትንፋሹን ቆጠርኩ።
ቱርቦው ያፏጫል፤ ጋሽ እብሬ ያፏጫል፤
ጋቢናው ውስጥ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።
"ይማም፣ ኧረ ቀስ!" ብለው
"ተወው" አለኝ፣ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ፣
"ዳገት መሀል... ማርሽ አይቀየርም።"

ረውዳ ወረቀቱን ገልጣ ብዙ አየቻት።
"የማን አውሮፕላን ነበር?" አለች፣
"ፖስታ የሚያመላልስ ነው፣ ወይስ ቦንብ?"
እኔ ይህን መጠየቅ አልመጣልኝም ነበር።
ጋሽ እብሬ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ።
"አላውቅም" አለ።
"ሳንባ... የማን ደረት ውስጥ እንደሚገባ አይመርጥም።"

ከዚያ ስም ገና ያልወጣለት ሕፃን አጠገብ ተቀመጠ።
በሁለት ጣቱ እምብርቷን ይዞ
ከዚያ ሁሉ ዳገት የተረፈችውን
አንዲት ትንፋሽ፣ እፍ አለባት።

ግማሽ ዙር ዞረች።
አንድ ፍርፋሪ የቦርከና ጭቃ
ነጩ ፎጣ ላይ ጠብ አለ።
ረውዳ "አባ!" ልትል አፏን ከፍታ፣
ተወችው።