ሁለት ክንድ ከስንዝር

ሱለይም ለአባቱ ቤት ሊሠራ አሰበ፣
ከግቢው ጥግ መሬት በኖራ ከበበ፤
ከትልቁ ቪላ አርባ ርምጃ ወዲህ፣
የቁርቁራው ጥላ ከሚያርፍበት፣ እዚህ፣
ሱር ላይ፣ ባሕሩ ከሚሰማበት።
«ደረጃ የለውም፣ መታጠቢያው ሰፊ፣
ለዊልቸር መዞሪያ፣ ለእጁ መደገፊ»
እያለ አሳየኝ ካርታውን ከስልኩ።
ከመኝታው ኋላ አንዲት ጠባብ ሳጥን፣
በካርታው ላይ እንኳ ስም ያልጻፉላትን፣
«ይቺስ?» አልኩት።
«ያንቺ።»
አልኩት «እሺ፣ እሺ።»

ሽማግሌው ኸልፋን መርከብ ሠሪ ነበር።
ስንቱን ሳንቡክ ጠርቦ ለባሕር የዳረ፣
ዛሬ ቁርሱን በልቶ ቁርስ ሲጠይቅ ቀረ።
ስሜም አይገባለት። ሉባባ ነኝ ብለው፣
«ሉሉ» ይለኛል አንዴ፣ አንዴ «ያቺ» ነው።
እጁ ግን አይረሳም። ሜትር አይወድ እሱ፤
ከክርን እስከ ጣት፣ ያ ነው ልኩ የሱ።
ገረመኝ። ሐይቅ ገበያም ክንድ ነበር ሜትሩ፤
ባለ አጭር ክንዶቹ ነጋዴዎች ከበሩ።

ሹኩር ግንበኛው፣ የቺታጎንግ ሰው፣
ብሎኬት ደርድሮ በውኃ ልክ ሲያየው፣
ሽማግሌው ደርሶ በቁጣ ይጮኻል፤
«የታል የጎን አጥንቱ? ይህ እኮ ይሰጥማል!»
ሹኩር ይስቃል፣ እኔም። ሱለይም ስልክ ያወራል።
የነሐሴ ሙቀት ነው፤ ሲሚንቶው ውኃ ሳይጠግብ ይደርቃል።

አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት ኋላ፣ ሠራተኛው ሲበተን፣
«ግፊኝ» አለኝ፣ «እዚያች ዘንድ።» ገፋሁት ወደ ሳጥን።
«ተቀመጪ።» ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩኝ፤
ዓይኔ ከዓይኑ እኩል ሆነ። ከሰል ይዞ አየኝ፤
ደግሞ ግድግዳውን፣ ደግሞ እኔን፣ ደግሞ ግድግዳውን፤
ሁለቴ ክንዱን ዘረጋ፣ ጨመረበት ስንዝሩን፣
አራት መስመር ሳበ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ።
ሹኩርን ጠራና፣ «እዚህ ጋ» አለው፣ «ቁረጥ!»

ሱለይም ተቆጣ፤ «ማዘጋጃ አልፈቀደም፣
ጎረቤት ያየናል፣ ኤሲው አይበርድም፣
ዕቃ ቤት እኮ ነው፣ አባ!»
«ዕቃ» አለ ሽማግሌው፣ «ሌሊት አይነሳም።»

በማግስቱ ረሳው፤ «ማን ነው የሞነጨረው?» አለ።
ከሰሉ ግን እዚያው፣ እንደ ተሳለ አለ።
ሹኩር መሮውን ይዞ፣ በስባሪ ዐረብኛው፣
«እህቴ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔ ነኝ የምወስነው?
ዞር ብዬ አየሁ፤ ከቁርቁራው ወፍ በቀር ማንም የለም።
ሰባት ዓመት ሙሉ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አፌ አያውቅም።

«ቁረጥ» አልኩት።

አቧራው ሲሰክን፣ ባሕር አይደለም የታየኝ፤
የጎረቤት ውኃ ታንከር፣ የልብስ ገመድ፣ የሰማይ ቁራጭ ነው የደረሰኝ።
ይበቃል። ሱለይም አየና ጺሙን አሸት አሸት፤
በሳምንቱ ራሱ ፍርግርግ አመጣ፣ መስታወት።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ለሷም ሠርቻለሁ፣
በወንድሜ ግቢ፣ አንድ ክፍል፤ ፎቶውን አይቻለሁ።
የመጀመሪያው ዓመት ቆርቆሮ፣ ሁለተኛው በር ሆነ፣
ሊሾው በሦስተኛው፣ ደሞዜ ሲዘገይ እየተለመነ።
«እማ፣ መስኮትሽ ወዴት ነው የሚያየው?»
ዝም አለች።
«በሩ አለ አይደል፣ ልጄ? መስኮት ብርድ ነው የሚያስገባው።»
«አልጋሽ ላይ ተቀመጪ። ወንድሜን ጥሪልኝ፣
ከሰል ይያዝ፤ ዓይንሽ የደረሰበትን ምልክት ያድርግልኝ።»
«በስንት ሜትር?» አለ ወንድሜ፣ ስልኩን ተቀብሎ።
«ሜትሩን ተወው። ሁለት ክንድ ከስንዝር። በሷ ክንድ።»
«የእማ ክንድ እኮ አጭር ነው» አለ፣ ሳቅ ብሎ።

«እንግዲያስ ሦስት አድርገው።»