ይድረቅ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር፣ ከጠዋቱ ሁለት፣
ውርጭ ተጋግሮበት የክፍሉ መስታወት፤
አሥራ አንድ ሆነን ከጠረጴዛው ዙሪያ
መዳፍ እናሻለን፣ ያው እሱ ነው ማሞቂያ።
መሐላችን ተጋድሟል አንድ የላስቲክ ክንድ፣
ከትከሻው በላይ የሌለው ዘመድ፤
ቀይ ቀለም በውሃ በጥብጠው ሞልተውት፣
ስንቱ ተምሮበት፣ ስንቱ ወጋግቶት፣
ዛሬ ቢወጉት እዚህ፣
የሚያነባው እዚያ፣ ከድሮ ቁስሉ ነው።

ሲስተር አጸደ ናት የምታሠለጥነን፣
ድምጿን ሳታነሳ በዓይኗ የምትይዘን፦

«መጀመሪያ ስሙን፣ ስም ከነአባቱ፣
ከራሱ አፍ ስሙት፣ ይሳሳታል ወረቀቱ።
ጓንት። ከዚያ ማሰሪያው፣ ከክርን አራት ጣት ከፍ ብሎ፤
ዓይን ያጣውን ደም ሥር ጣት ያገኘዋል ቀስ ብሎ።
በዚህ በመንዝ ብርድ ደም ሥር ይሸሸጋል፣
ዕዳ እንዳለበት ሰው ጓዳ ይደበቃል፤
አታሳዱት። ክንዱን በባና ጠቅልሉት፣
ሙቅ ውሃ በኮዳ አጠገቡ አኑሩት፣
ራሱ ይመጣል።

አልኮሉን ቀቡና፣ ይድረቅ።
እፍ አትበሉት። በእጅ አታራግቡት።
ርጥቡን ከወጋችሁ ሰውየውን ያንገበግበዋል፣
ጀርሙም ሳይሞት ይገባል።
ይድረቅ።»

ደግፌ ችኩል ነው። «ደርቋል» ይላታል።
«አልደረቀም።» እስከ ሠላሳ ታስቆጥረዋለች፣
እንደ ቄስ ተማሪ፣ ጮክ አስብላ።

«የመርፌው አፍ ሽቅብ። ማሰሪያው ይፈታ፣ መርፌው ሳይነቀል።
መልሳችሁ አትክደኑ፤ በክዳን ፍለጋ
ስንቱ ነርስ ራሱን ወጋ!
ቢጫው ካርቶን ውስጥ፤ እዚያው፣ ወዲያው።»

በሁለተኛው ሳምንት እርስ በርስ ተወጋን።
እቴነሽን ሳትኳት። ክንዷ በልዞ ሰነበተ፤
«ባሌ ማን መታሽ ቢለኝ ማንን ልጥራ?» ብላ
ሳቀችብኝ፣ ሌላውን ክንዷን እየሰጠችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ሰው መጣ፣
ዱላውን ከበሩ አስደግፎ፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ።
ስሙን ጠየቅሁት፣ እንደ ተማርኩት።
«ሸንቁጤ» አለ።
የአባቱን ስም ሲጨምርበት እጄ ቆመ።

ያ ስም በቤታችን ጮክ ተብሎ አይጠራም።
አጎቴ ላቀው በወሰን ድንጋይ ሲወድቅ
እኔ ገና አልተወለድኩም፤
ደሙ ግን ቀደመኝ፣
ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ
እንደ ታላቅ ወንድም አደገ።

እሱም ደረቴ ላይ የተለጠፈውን
ፊደል በፊደል አነበበ።
«የማን ልጅ?» አለ። ነገርኩት።
ጥቂት ዝም ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፣
ክንዱን ዘረጋ።
«ደሜን የሚፈልግ ከእናንተ ቤት እንደማይጠፋ አውቅ ነበር፤
በነጭ ጋዋን ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።»

ደም ሥሩ የለም። ብርዱ ይሁን እኔ ልሁን እንጃ።
ባናውን ጠቀለልኩለት፣ ኮዳውን አስጠጋሁ፣
ጠበቅን፣ ሁለታችንም።
መጣ።
አልኮሉን ቀባሁ። ሲስተር ከኋላዬ ቆማለች፣
ከትንፋሼ በቀር የምታውቀው ነገር የለም፤
«ይድረቅ» አለችኝ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…
አሥር ላይ እናቴ።
አሥራ ሰባት ላይ ያ የወሰን ድንጋይ፣ ዛሬም እዚያው፣ ሣር በቅሎበት።
ሃያ አምስት ላይ የእሱ ከንፈር አብሮኝ ሲቆጥር አየሁት።
ሠላሳ።

አንዴ ነው የገባው።
ቀይ ክዳን፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ክዳን፤
ብልቃጡ በመዳፌ ሞቀ፣
ጠዋት መዳፌን አሽቼ ካገኘሁት ሙቀት የበለጠ።
ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ጥጥ ጫንኩ፣
ስሙንም ከነአባቱ
ዓይኑ እያየ፣ በገዛ እጄ፣ ብልቃጡ ላይ ጻፍኩት።

«ይኸው ነው?» አለ።
«ይኸው ነው።»
ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ከእሱ በኋላ የመጣችውን ልጅ
ሁለቴ ሳትኳት፤ ሲስተር ቀበለችኝ።

ማታ እናቴ፦ «ዛሬስ ምን ሠራችሁ?»
«ደም ቀዳሁ።»
«የማን?»
እጄን እየታጠብኩ ነበር። ውሃው ይበርዳል።
«የሰው» አልኳት።