በርጩማና በር

ጅማ ፍርድ ቤት በር፣ ከአጥሩ ጥግ ሥር፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሠላሳ ብር።
በአማርኛ ሠላሳ፣ በኦሮምኛም ያው ነው፣
እንግሊዝኛ ከሆነ ሃምሳ ነው ዋጋው።
«ለምን?» ያለኝ ሲኖር መልሴ አንድ ነው፦
«እዚያ ቃል ማስቀመጥ አደጋ አለው።»

ቀልድ ነበር።
እስካለፈው ክረምት ድረስ ቀልድ ነበር።

ነዚፍ አባ ጋሮ አንድ ሰኞ ማለዳ
ከዝናቡ ወጥቶ ቆመ እንደ ባለዕዳ።
አናጢ ነው፤ ልብሱ የዋንዛ ሽታ፣
ከጆሮው ኋላ እርሳሱ ተሰክታ።
ከአዌቱ ማዶ ባለው የእንግዳ ማረፊያ
በር ጠግኖ ነበር፣ ቀይሮ ማጠፊያ።
ከዚያ ክፍል ውስጥ ነው ካሜራ የጠፋው፤
ፈረንጇ ኃላፊ «ጻፍና አምጣ» አለችው፣
በራሷ ቋንቋ፣ በወረቀት፣ በፊርማው።

ለእኔ የነገረኝ ይኸው ነው፦
«ገብቻለሁ፣ አዎ። መግባት ብቻ ግን።
ማጠፊያዋን ሰካሁ። ወጣሁ።»

እኔም ሃያ ዓመት የጻፍኩ ሰውዬ፣
ሌላ ሰው ወረፋ ይጠብቃል ብዬ፣
«ኦንሊ»ን አነሳሁ፣ ያቺን ትንሽ ቃል።
የት ብትቀመጥ ነው የምትሻል?
አላልኩም። ከሁሉም ፊት አስቀደምኳት፣
እንደ ክብር እንግዳ ከራስጌ አስቀመጥኳት።

መግባት ብቻ ያለውን ሰው
ብቻውን የገባ አደረግሁት።

ሁለት ጣት ያህል ነው የተንሸራተተችው፤
ምስክሩን ግን ወንጀለኛ አደረገችው።
ኃላፊዋ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤
«ስላመንክ አመሰግናለሁ» አለች።
እሱ ምስጋናዋን ብቻ ነው የሰማው፤
እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

አርባ በር ነበረው በዚያ ግቢ ሊሠራ።
አርባውም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
ቅጂውን አነበብኩት። ላብ አሰመጠኝ።
እኛ ዘንድ እኮ «ን» የምትባል ተሸካሚ አለች፣
የተጎዳውን አዝላ የትም ትዞራለች።
ውሻው ነዚፍን ነከሰው።
ነዚፍን ውሻው ነከሰው።
ገልብጠው፣ አዙረው፣ ቁስሉ የነዚፍ ነው፤
ነዚፍ ቀድሞ ስለመጣ ጥርስ አያበቅልም።
እነሱ ዘንድ «ን» የለችም። የቀደመ ይነክሳል፣
የተከተለ ይደማል።
እኛ ግሡን እናቆየዋለን፣
ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ እንደሚነሳ ሽማግሌ፤
እነሱ ቀድመው ፈርደው
ከዚያ ነው ማስረጃውን የሚደረድሩት።

ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ሂርማታ ሄድኩ።
ከመጋዝ ብናኙ መሃል ቆሜ ነገርኩት ጥፋቴን።
አልጮኸም። ያልተለሰነ በርጩማ አነሳ፣
ሦስት እግር።
«የቱ ነው ፊቱ?» አለኝ። አዞረው። ቆመ።
ደግሞ አዞረው። ቆመ።
«የእናቴም ቋንቋ፣ ያንተም፣ እንዲህ ነው።»
ከግድግዳው ወደተደገፈ መዝጊያ ዞረ፦
«ይኼን ግን ማጠፊያውን በዚህ ካደረግኸው
ወደ ሳሎን ይከፈታል፤
በዚያ ካደረግኸው ከአልጋው ጋር ይጋጫል።
እንጨቱ ያው ነው። ሚስማሩም ያው።
አንተ በርጩማ የምታውቅ ሰው
በር ሰቀልክልኝ።»

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት፣ ያለ ክፍያ።
ቃሏን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አደረግኋት፣
ከ«አይ» ቀጥሎ፣ ከመግባቱ በፊት።
መልስ አልመጣም። ካሜራውም አልተገኘም።

አሁን ከሸራዬ ሥር «ብቻ» የሚል ሰው ሲመጣ
ብዕሬን አስቀምጬ «ምኑን ብቻ?» እላለሁ።
ይሰለቹኛል። አንዳንዱ ተነስቶ ይሄዳል
ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ልጅ፣ ኮምፒውተር ወዳለው።
ይሂዱ።

ነዚፍ ብቻ ይቅር ብሎኛል።
ቃሏን እዚህ ላይ ያስቀመጥኳት አውቄ ነው።