ሲላላ ሲጠብቅ

ኤርደነት ላይ ነው፣ የመዳብ ተራራው ከተቆረሰበት፣
ክረምቱ ጥርስ አውጥቶ መስኮት ከሚነክስበት፤
ሁለት እህትማማች፣ ጸረንና ኖሙን፣
አንድ ዳቦ ቆርሰው የሚያጋምሱ ቀኑን፣
የአንድ ማኅፀን ልጆች፣ የአንድ ጡት ተካፋይ፣
ጨው ጣል የተደረገበት የአንድ ድስት የወተት ሻይ።

ኖሙን በሰባት ዓመቷ
እግሯ በትከሻዋ ዞሮ አገጯን ደገፈ፤
ጸረን በዘጠኝ ዓመቷ
ጣቷ ወደ መሬት ወርዶ ጉልበቷ ላይ አረፈ።
መምህርት ኖርጅማ፣ በሰርከስ አገር የዞረች፣
የትልቋን ወገብ በመዳፏ ለክታ፣
«ይህችስ ምሰሶ ናት፣ ድንኳን ታቁም» ብላ አሰናበተች።

ልጅቷ ግን እንቢ።
ሌሊት እግሯን ከበር መቃን አስራ ጎተተች፤
«ይራስ ጅማቴ» ብላ በበግ ጮማ ታሸች፤
ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ሦስት ጣት አተረፈች።
ሦስት ጣት ብቻ።

ምነው? አልሰነፈች።
እናት «አንቺን ሳረግዝ ብርዱ ከብዶ ነበር» አለች፤
አጎት «ኖሙን ሕፃን ሳለች ከድመት ጋር ስለተኛች!»

ማን ይንገራት?
ማኅፀን ጨለማ ነው፣ የፈታይ እጅ እኩል አይደለም፤
አንዱን ጅማት ታከረዋለች፣
አንዱን ላላ አድርጋ ትተወዋለች፣ ደግማ አታየውም።
የጭን አጥንት ተሰክቶ የሚዞርበት ጎድጓዳ
ላንዷ ዝርግ ሳሕን ነው፣ ላንዷ ጠልቆ የማይለቅ ጓዳ።
አጥንት ከአጥንት ተገናኝቶ «በቃ» የሚልበት ደጅ አለ፤
እንባም ጮማም አይከፍተው።

በእኔ ፊደል አንድ ቃል አለ፤
«ገና» ላልቶ ሲነበብ መጠበቅ ነው፤
ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው።
ጽሕፈቱ ያው፣ አፍ ነው የሚለየው።
እነርሱም በአንድ እጅ ተጻፉ፣
አንዷ ላልታ፣ አንዷ ጠብቃ፣ በየንባባቸው አለፉ።

ኖሙን ባሕር ማዶ ጭብጨባ ጠጣች፤
በእጇ ቆማ፣ በእግር ጣቷ ሻማ አበራች።
ጸረን ከማዕድን መኪና ሥር ገብታ ብሎን አጠበቀች።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ካፖርት ለመልበስ እጇን ስታነሣ
የኖሙን ትከሻ ከቤቱ ወጣ፤
በወሩ ዳሌዋ ተከተለ።
ለእንግዳ ያልተዘጋ በር ለሌባም አይነሣ።

ዛሬ ጠዋት በረዶው ከደጅ ጉልበት ደርሷል፤
ኖሙን ወንበር ላይ ናት፣ እግሯ ጫማ ይጠብቃል።
ጸረን፣ ያቺ ምሰሶ፣
ወገቧን ይዛ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቋቋች
ጎንበስ አለች።
ጣቷ ዛሬም ወለል አልነካም።
የጫማው ማሰሪያ ግን ከወለሉ ከፍ ይላል፤
ሦስት ጣት ያህል።

«ጠበቀብሽ?»
«ትንሽ ላላ አድርጊው» አለች ኖሙን፣
ሳቀች።